ብራናው ስክሪን ላይ ወጣ፤ አንባቢውስ?

ባለፈው ክረምት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ላፕቶፔን በሻርፕ ጠቅልዬ የየኔታን በር አንኳኳሁ። የኔታ ጎረቤታችን ናቸው፤ ሰባውን ተሻግረዋል። የሰፈራችን ልጆች ፊደል የቆጠርነው እሳቸው ዘንድ ነው። እኔ ዳዊት ሳልደግም ወደ ዘመናዊው ትምህርት ስለኮበለልኩ እስከ ዛሬ ይወቅሱኛል። በዚያ እሑድ ይዤላቸው የሄድኩት እንግዲህ እንደ መካሻ ነበር፤ ከአገራችን የወጣ አንድ የብራና ዳዊት። መጽሐፉን አይደለም፤ ምስሉን። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ጥራዙን ቅጠል በቅጠል ፎቶ አንስቶ ኢንተርኔት ላይ አውጥቶታል። ገንዘብ አይጠየቅም፤ የድጋፍ ደብዳቤም አያስፈልግም።

የእኔ ልብ ያለው ሐረጉ ላይ ነበር። ቀዩን፣ ቢጫውን፣ ሰማያዊውን እያጎላሁ አሳየኋቸው። የኔታ በትዕግሥት ጥቂት አዩልኝና፣ «ሐረጉ ደህና ነው፤ ይልቅ መጨረሻውን አምጪልኝ» አሉ። ዳዊቱ ካለቀ በኋላ ያሉትን፣ እኔ ምንም የለባቸውም ብዬ የዘለልኳቸውን ቅጠሎች ማለታቸው ነው። አመጣሁላቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ተጠጉ።

«ይኼ ስም የኋላ ሰው ስም ነው» አሉ። «ከሥሩ ሌላ ስም ነበረ፤ ፍቀውታል። ቀለሙን አታዪውም? የጻፈው እጅም ሌላ ነው።»

ከዚያ በታች በደቃቅ ጽሕፈት የተሞነጫጨረውን እየለቀሙ አነበቡልኝ። አንድ ሰው መጽሐፉን ለአንድ ደብር ሰጥቷል፤ የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ይላል። የኔታ ቀና ብለው ሳቁ። «የሰረቀውንም የፋቀውንም አውግዟል፤ ፎቶ ያነሳውን ግን አልጠራውም፤ ተርፏል!»

በቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ላይ ስለዚህ ጥራዝ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር ነው። መዝሙረ ዳዊት መሆኑን፣ ብራና መሆኑን፣ የተገመተለትን ክፍለ ዘመንና የቅጠሎቹን ብዛት ይናገራል። ስለ ተፋቀው ስም፣ ስለ ደብሩ፣ ስለ ውግዘቱ ቃል የለም። ለመጻፍ ፈለግኩ። ቦታ አገኘሁ፤ ቅጽ ነው። ቅጹ በእንግሊዝኛ ስሜን ጠየቀ፤ ቀጥሎ የምሠራበትን የትምህርት ተቋም ጠየቀ። ተቋም የለኝም፤ መስመሩን ባዶ ብተወው አላሳልፍ አለኝ። የየኔታን ቤት ጻፍኩ። በማግሥቱ ስለ አስተያየቴ የሚያመሰግን፣ ማሽን የጻፈው ደብዳቤ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሌላ አልመጣም።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ቅጽ ነው። ላለፉት ሃያ ዓመታት ያህል የዓለም ታላላቅ ሙዚየሞችና ቤተ መጻሕፍት ያላቸውን ቅርስ ፎቶ እያነሱ ለሕዝብ ክፍት አደረግን እያሉ ያውጃሉ። ማድረጋቸው እውነት ነው፤ እሰየው ያሰኛል። እኔን የሚቆረቁረኝ «ሕዝብ» የሚለው ቃል ነው። የትኛው ሕዝብ? ተመልካች ሆኖ እንዲያልፍ የተጠራው ነው ወይስ የሚናገረው ያለው?

ከመቅደላው ልጀምር፤ ቁስላችንም እዚያ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከገደሉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከአምባው ያወረደው ንብረት በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች እንደተጫነ በታሪክ ተጽፏል። በደላንታ ሜዳ ላይ ሐራጅ ተደረገ። ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ ከጦሩ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆምስም ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ሙዚየሙ ገቡ፤ ዛሬ ያሉት በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ነው። ዊልያም ራይት የተባለው ሊቅ ካታሎግ ሠርቶ በ1877 እ.ኤ.አ አሳተመላቸው። በእንግሊዝኛ ነው፤ በእርግጥ ያኔ በማን ቋንቋ ሊጽፍ ኖሯል!

እዚህ ላይ ቅጹን ያስታወሰኝን አንድ ነገር ላንሳ። ዐፄ ዮሐንስ በ1864 ዓ.ም ወደ እንግሊዝ ደብዳቤ ጽፈው ክብረ ነገሥትን እንዲመልሱላቸው ጠየቁ፤ ያለዚያ መጽሐፍ ሕዝባቸው እንደማይታዘዝላቸው አመለከቱ። ሙዚየሙ ከነበሩት ሁለት ቅጂዎች አንዱን መለሰ። ስለነዚህ መጻሕፍት ከኢትዮጵያ ለደረሰ ቃል እንዲህ ያለ መልስ የተሰጠው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ጠያቂውም ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። የኔታ በምን አቅማቸው!

የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በ2010 ዓ.ም የኢትዮጵያን የብራና ባህል የሚያሳይ ዐውደ ርእይ ለንደን ውስጥ አዘጋጀ። በዚያው ሰሞን 250 የኢትዮጵያ ጥራዞችን ፎቶ አንስቶ በኢንተርኔት የማውጣት ዕቅድ ይዞ ሥራውን ተያያዘው። ያን ሰሞን ምን ያህል እንደተደሰትኩ አልደብቅም። ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ይጠይቅ የነበረው ነገር በእጅ ስልክ መጣ። አንዱ ቅጠል ተሟልቶ እስኪወርድ አንድ ስኒ ቡና ይጠጣል፤ ይጠጣ! ያውም ምስሉ ጥሩ ነው፤ የብራናው ቀዳዳ፣ የተሰፋበት ክር፣ የሰም ጠብታው ሳይቀር ይታያል።

በጥቅምት 2016 ዓ.ም ግን ራይሲዳ በሚል ስም የሚታወቁ የኮምፒዩተር ዘራፊዎች ቤተ መጻሕፍቱን ሰብረው ገቡ። 20 ቢትኮይን ቤዛ ጠየቁ። ቤተ መጻሕፍቱ አልከፍልም አለ፤ እነሱም 600 ጊጋባይት ያህል መረጃ በተኑ። ያን ጊዜ ካታሎጉም የብራና ምስሎቹም አብረው ከኢንተርኔት ወረዱ። የተወሰኑት ጥራዞች በክፍል በክፍል መመለስ የጀመሩት በተከታዩ ዓመት ነው። መጻሕፍቱ እዚያው መደርደሪያቸው ላይ በደህና ተቀምጠዋል። ለንደን ያለው አጥኚ ያጣው የማየት ምቾቱን ነው። ከምስሉ በቀር ሌላ ነገር ያልነበረን እኛ ግን ያጣነው ያለንን ሁሉ ነበር። «ምስሉ ስላላችሁ ብራናው ለምን ያስፈልጋችኋል» የሚሉ ወዳጆቻችን ያቺን የጥቅምት ወር ቢያስቧት እወዳለሁ።

ስለ መመለስ ብዙ ተጽፏል፤ እኔም ብቀጥል አዲስ ነገር አልጨምርም። የእኔ ጉዳይ ሌላ ነው። ብራናው ነገ ቢመለስ እንኳ አንባቢው ምስሉ ላይ የገጠመው ችግር ይጠብቀዋል። የተቆለፈው ምስሉ አይደለም፤ ስለ ምስሉ የተጻፈው ቃል ነው። ስሙ በላቲን ፊደል ከላይና ከታች ነጥብ እየተቀባ የተጻፈን መጽሐፍ ባለቤቱ እንዴት ብሎ ይፈልገዋል? «ድርሳነ ሚካኤል» ብሎ በፊደላችን ጽፎ ምንም ያላገኘ ሰው መጽሐፉ የለም ብሎ ይሄዳል። አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ።

በዚህ ረገድ ከሁሉም ይልቅ የማከብረው ሥራ ሚኒሶታ ያለው ነው። በ1973 እ.ኤ.አ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። ከ8,000 በላይ ጥራዞች ተነሱ፤ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ሲቀር ሌላው ኮሌጅቪል በሚባል ትንሽ ከተማ ወዳለው፣ ዛሬ የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ወደሚባለው ተቋም ሄደ። በዚያ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይለ ተቀመጡ። በደርግ ወታደሮች ጥይት ቆስለው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥራዞችን እያነበቡ በውስጣቸው ያለውን መዘገቡ። በኅዳጉ ያለውን የርስት ውል፣ የመጽሐፉን ዋጋ፣ የተፋቀውን ስም ሳይቀር። የኔታ እንደሚያነቡት አነበቡ ማለት ነው። ዛሬ ብዙው ምስል በኢንተርኔት ይገኛል፤ ማንም በነጻ ተመዝግቦ ያያል። አንስቶ ለማሳተም ግን ፈቃድ ይጠየቃል። ይህ ደግሞ ከነውር የሚቆጠር አይመስለኝም፤ ባለቤቶቹ ደብሮቹና ገዳማቱ ናቸውና።

ልብ ያልኩት ነገር ግን አለ። ጌታቸው ኃይለ ካታሎጉን ለሊቃውንት በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ ለእኛ ደግሞ በአማርኛ «ባሕረ ሐሳብ»ን ጻፉ፤ ኋላም «አንዳፍታ ላውጋችሁ»ን። ብራናውንና የአዲስ አበባን አንባቢ ያገናኘው ድልድይ ተቋሙ አልነበረም፤ እኚህ አንድ ሰው ነበሩ። በሰኔ 2013 ዓ.ም አረፉ። ምስሎቹ ዛሬ ከዚያን ጊዜ ይልቅ በዝተዋል፤ ድልድዩን የሚሠራ ሰው ግን በጀት ተይዞለት አላየሁም። ካሜራ የሚገዛ ለጋሽ ሞልቷል። ለአንድ ዓመት ቁጭ ብሎ በአማርኛ መግለጫ ለሚጽፍ ደመወዝ የሚከፍል ግን ብርቅ ነው።

ሌሎችስ እንዴት አደረጉት? ብዙ ጊዜ ምሳሌ ሆኖ የሚጠራው የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም ነው። በጥቅምት 2012 እ.ኤ.አ፣ ለእድሳት ተዘግቶ ሳለ፣ የ125,000 ሥራዎችን ጥራት ያለው ምስል በነጻ ለቀቀ። እዩ ብቻ አላለም፤ ውሰዱ፣ ቁረጡ፣ ልብስ ላይ አትሙ አለ። የሠሩበትንም ሸለመ። ለዚህ ካበቃው ምክንያት አንዱ አስቂኝ ነው። ቬርሜር የተባለው ሠዓሊ ወተት የምትቀዳ ሴት የሳለበት ዝነኛ ሥዕል አለ። ኢንተርኔቱን የሞላው ግን ወዛም ቢጫ የሆነ መጥፎ ቅጂው ነበር። ከዚህ የተነሣ ጎብኚዎች ሙዚየሙ ራሱ የሚሸጠውን ፖስት ካርድ ሲያዩ ይኼ ትክክለኛው ቀለም አይደለም እያሉ ተጠራጠሩ። ሙዚየሙ መጥፎውን ቅጂ ማሳደድ ዋጋ እንደሌለው ገባው፤ ደህናውን በነጻ ለቆ አሸነፈው።

ጥበብ ነው። ግን እንዳለ ገልብጠን እናምጣው ለሚሉ ወዳጆቼ ሁለት ነገር ማለት እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ የኔዘርላንድ ሰው ያቺን ሴት ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃታል፤ መግለጫውም በቋንቋው ተጽፏል። ለእሱ ቀሪው ነገር ምስሉ ብቻ ነበር። ለእኛ ምስሉ መጀመሪያው ነው። ሁለተኛ፣ የእኛ ብራና ሁሉ ካናቴራ ላይ የሚታተም አይደለም። የክታብ ጥቅሎችን ተመልከቱ፤ የብዙዎቹ ባለቤት የክርስትና ስም ጽሑፉ ውስጥ አለ። አንዲት እናት ልጇ እንዲያድግላት ለአንገቷ ያጻፈችውን ጸሎት ከነስሟ ለዓለም ስናወጣ ማንን አስፈቀድን? ክፍት ይሁን የሚለው ወገን ይህን ጥያቄ ሲያነሱበት ይቆጣል፤ እኔ ግን መነሣት አለበት ባይ ነኝ።

ደግ የተሠራም አይቻለሁ። በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ዌንዲ ቤልቸር መሪነት የተአምረ ማርያም ታሪኮች እየተሰበሰቡ ነው። ከ1,000 በላይ ታሪኮች፣ በየትኛው ብራና እንዳሉ፣ የትኛው ሥዕል እንዳላቸው ተመዝግበው በኢንተርኔት ይነበባሉ። ግዕዝ የሚያውቁ የአገራችን ልጆች ከሠራተኞቹ መካከል ናቸው። ከሁሉም ደስ ያሰኘኝ ግን የአንድን ተአምር መነሻ ቃል በግዕዝ ፊደል ጽፈው የትኛው ታሪክ እንደሆነ የሚያገኙበት መሣሪያ መኖሩ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ያ ሰሌዳ ከጠያቂው የሚፈልገው ተቋም አይደለም፤ ግዕዝ ነው። ለየኔታ የሚሆን በር ይኸ ነው። የቀረው ገጽ እንግሊዝኛ መሆኑ ግን አሁንም ያሳዝናል። የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከ2016 እ.ኤ.አ ጀምሮ የሚያካሂደውና «ቤተ መጻሕፍት» የሚል የግዕዝ ስም የሰጠው ታላቅ ሥራም መረጃውን ማንም እንዲጠቀምበት ለቆታል። ስሙ የእኛ፣ ጭውውቱ ግን የሊቃውንቱ የእርስ በርስ ነው። አንድ ጊዜ ገብቼ ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ወጣሁ፤ እኔ በጋዜጠኝነት ተመርቄ ከጠፋብኝ ሌላውን አስቡት።

ሕዝባችን ለቅርስ ደንታ የለውም የሚል ሰው ስልኩን አይከፍትም ማለት ነው። ቴሌግራም ላይ የድሮ መጽሐፍ እየተነሣ ሲላላክ ያድራል። የቀድሞ ጋዜጦች፣ ከገበያ የጠፉ ልቦለዶች፣ ድርሳናትና ገድላት ሁሉ አሉ። ነውሩም አብሮ አለ። በ1996 ዓ.ም የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት መብቱን ይጠብቅለታል፤ ቴሌግራም ላይ ግን የትናንት ደራሲ ሥራ ከጥንቱ ጋር ተደባልቆ ይታደላል። የብራና ምስል ሲመጣ ደግሞ የመደርደሪያ ቁጥሩ ተቆርጦ፣ ከየት እንደመጣ ጠፍቶ፣ «የሺህ ዓመት ሚስጥር» የሚል ርእስ ተሰጥቶት ነው። ቢጫዋ ወተት ቀጂ በእኛም ቤት አለች! ግን ከሥሩ የሚጻፈውን አንብቡ። «ይኼ የእኛ ደብር ነው፤ አያቴ እዚያ ቀድሰዋል» የሚል ይመጣል። ሌላው «ተሳስተሃል፤ ድጓ ነው እንጂ ጾመ ድጓ አይደለም» ይለዋል። ያ ቅጽ ከተቋም ጋር አጣምሮ የጠየቀው እውቀት እዚህ በሜዳ ላይ ፈሶ ይገኛል፤ የሚለቅመው ግን የለም።

ቪንቴጅ አዲስ አበባ የሚባለውን ሥራ የወደድኩት ስለዚህ ነው። ወጣቶች ከየቤተሰቡ አልበም የድሮ ፎቶዎችን እየለመኑ፣ ከባለቤቶቹ ታሪክ ጋር በኢንተርኔት አወጡ፤ በ2018 እ.ኤ.አ መጽሐፍ ሆነ። የሰርግ፣ የምርቃት፣ የመኪና ላይ ኩራት ፎቶ ነው፤ ሙዚየም የሚያስገባው ነገር አይመስልም። ነገር ግን ፎቶውና ወሬው አንድ ላይ ስለመጡ ሰው ያነበዋል። እኔ ራሴ የማላውቃት ሴት ስለ ቀሚሷ የተናገረችውን ሁለት ጊዜ አንብቤያለሁ። ብራናውም ወሬ አለው። ወሬውን የሚያውቁት ግን አልበም ካላቸው ሰዎች ይልቅ በጣም ያነሱ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል። ምስሉ ከአሥር ዓመት በኋላም ይኖር ይሆናል። ኅዳጉን እንደ የኔታ የሚያነብ ዓይን ግን አይጠብቅም፤ እሳቸው እንኳ አምና ካነበቡት ዘንድሮ ያነሰ ነው።

እሑድ እሑድ መሄዴን አላቆምኩም። ጠዋት የመንገድ ዳር ጽሕፈት ቤት ሄጄ የመጨረሻዎቹን ቅጠሎች አጉልቼ አሳትማለሁ፤ ስክሪኑ ዓይናቸውን ይወጋቸዋል። እሳቸው ያነባሉ፤ እኔ በባለ 50 ቅጠል ደብተር እጽፋለሁ። የደብሩን ስም፣ የሰጪውን ስም፣ የተፋቀውን፣ የተተካውን። እስካሁን አራት ጥራዞች ጨርሰናል። የሦስቱን ለየባለቤቶቹ ልኬያለሁ፤ የአራተኛውን ገና ነው። ባለፈው እሑድ ወረቀቱን ከጨረሱ በኋላ አገላብጠው አዩትና፣ «ገበታውን አላነሱትም?» አሉኝ። የጥራዙን የእንጨት ሽፋን ማለታቸው ነው። ለምን እንደፈለጉት ጠየቅኳቸው።

«ከውስጥ በኩል ይጻፍበታል። ጸሐፊው ቦታ ሲያጣ እዚያ ነው የሚጽፈው። ጻፊላቸው፤ ያንሱት በያቸው።»

ጻፍኩላቸው። ተቋም በሚለው መስመር ላይ እንደ ልማዴ የየኔታ ቤት አልኩ።